የውሻ ወጪ ከማን ኪስ ይወጣል?

ከጎብዬና ከሮቢት አንሥቶ በቆቦ በኩል እስከ ዋጃ በተዘረጋው የራያ ቆላ፣ እንዲሁም በዞብል ተራራ ግርጌ በሰፈሩት መንደሮች ውሻ የሌለበት ግቢ ጥቂት ነው። ፍየሉና ግመሉ በበረት፣ ማሽላው በማሳና በአውድማ በሚያድርበት አገር ገበሬው ያለ ውሻ ሌሊቱን ተረጋግቶ አይተኛም። ጅብ ሲቀርብ የሚያስታውቀው፣ ቀበሮ ግልገል እንዳይነጥቅ የሚከላከለው፣ ዝንጀሮና ጃርት ከማሳ የሚያባርረው፣ ሌባ መምጣቱን ለባለቤቱ የሚነግረው ውሻ ነው። ይህን አገልግሎት የሚክድ የለም።

ይሁን እንጂ ይህ ጠባቂ ምን ያህል ወጪ እንዳለው ሲጠየቅ አብዛኛው ገበሬ ይስቃል። «ውሻ ደግሞ ምን ወጪ አለው? ትርፍራፊ በልቶ ደጅ ያድራል» የሚለው መልስ የተለመደ ነው። ከዚህም የተነሣ በገበሬ ማኅበራት ስብሰባ ላይ ስለ በሬ፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ጎርፍ ጠለፋ ብዙ ሲነገር ስለ ውሻ ሲነገር አይሰማም። «ውሻ ምን አገባት ከእርሻ» የሚለውም ተረት የተወረሰ ነው። ነገሩ በጥሞና ሲታይ ግን ውሻ ከእርሻው ሒሳብ ውስጥ ከገባች ቆይታለች። ያልገባችው ከመዝገቡ ብቻ ነው። በመዝገብ ያልሰፈረ ወጪ ደግሞ ሳይከፈል አይቀርም። ከባለቤቱ ኪስ በጊዜው ያልወጣው ጥቂት ገንዘብ ውሎ አድሮ ከጎረቤት ኪስ፣ አንዳንዴም ከጎረቤት ልጅ ሕይወት ላይ ይወጣል።

የማይታየው ቀለብ

ሒሳቡን ከቀለቡ መጀመር ይቻላል። መካከለኛ ቁመና ያለው የመንደር ውሻ ጤናው ተጠብቆ እንዲኖር በእህል ቢታሰብ በቀን 300 ግራም ያህል ማሽላ የሚመጥን ምግብ ይፈልጋል። ይህ በዓመት 109 ኪሎ ተኩል ማለትም ከአንድ ኩንታል በላይ ይሆናል። 600 ውሾች ያሉበት አንድ ቀበሌ ለምሳሌ ቢወሰድ የውሾቹ የዓመት ቀለብ 657 ኩንታል ይደርሳል።

እርግጥ ነው፣ ይህን ያህል እህል ከጎተራው አውጥቶ ለውሻ የሚሰጥ ገበሬ የለም። ከሚያስፈልጋት ሩቡን ብቻ ከቤት ታገኛለች ቢባል እንኳ 164 ኩንታል እህል ነው። የቀረውን ሦስት እጅ ውሻዋ ራሷ ትፈልጋለች። ከጥምብ፣ ከቆሻሻ መጣያ፣ ከእርድ ቦታ፣ ከሌላ ሰው ደጅና ከዶሮ ማደሪያ ትለቅማለች። እዚህ ላይ ነው ችግሩ የሚጀምረው። ባለቤቱ በቀለብ ያተረፈ እየመሰለው ውሻዋን ለዙረት ይዳርጋታል። የምትዞር ውሻ ደግሞ ከሌሎች ጋር ትናከሳለች፣ በሽታ ትሸምታለች፣ ያለ ዕቅድ ትወልዳለች፣ የሸመተችውንም በሽታ ይዛ ወደ ግቢው ትመለሳለች። ስለዚህ የውሻዋ ረኃብ ቁጠባ ሳይሆን ወደ ሌላ ሰው የተዛወረ ዕዳ ነው።

ትልቁ ዕዳ

የዕዳው ትልቁ ክፍል በተለምዶ የእብድ ውሻ በሽታ የሚባለው ነው። በሽታው በቫይረስ ይመጣል፤ በውሻዋ ምራቅ አማካይነት በንክሻ ይተላለፋል። የተነከሰ ሰው ወዲያው አይታመምም። ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር፣ አልፎ አልፎም ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያል። ቁስሉ ድኗል፣ ነገሩም ተረስቷል በተባለበት ሰዓት ውኃ ማየት የሚያስፈራው ሕመም ይነሣል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን ሐኪምም ሆነ ሌላ አዋቂ የሚያድነው በሽታ አይደለም። በአንጻሩ ከንክሻው በኋላ ሳይዘገይ በተሟላ ሁኔታ የታከመ ሰው ከሞት ይድናል። በሞትና በሕይወት መካከል ያለው ልዩነት የጥቂት ቀናት መዘግየት ነው።

በዓለም ላይ በዚህ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች እንደሚሞቱ ይገመታል። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ በአፍሪካና በእስያ የሚኖሩ የገጠር ሰዎች ናቸው። በሽታው ከተላለፈባቸው ከመቶ 99ኙ በውሻ የተያዙ ሲሆኑ፣ ከመቶ 40 የሚሆኑትም ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። በአገራችንም የሚሞተው ሰው ቁጥር በዓመት ከሁለት ሺሕ በላይ እንደሚሆን ይገመታል። በሽታው ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1903 የተከሰተው ወረርሽኝ በታሪክ ተመዝግቧል። በዕድሜ የገፉ ሰዎችም ከበግ አንጎል ይዘጋጅ የነበረውንና ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋ የነበረውን መርፌ ያስታውሳሉ። ዛሬ የተሻሻለው ክትባት ክንድ ላይ የሚሰጥና በቁጥር ያነሰ ነው።

ቢያንስም ግን ወጪው ለገበሬ ቀላል አይደለም። ክትባቱ እንደ አሰጣጡ ከአንድ ሳምንት እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ተመላልሶ የሚወሰድ ነው። የተነከሰው ልጅ ከሆነ አባት ወይም እናት አብሮ መሄዱ የግድ ነው። ከቆላው መንደር እስከ አስፋልቱ በእግር፣ ከአስፋልቱ እስከ ቆቦ በመኪና ይደረሳል። በዚያ መድኃኒቱ ካልተገኘ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወልድያ ማለፍ ይመጣል። ሁለት ሰዎች አራት ጊዜ ቢመላለሱ የ16 ጉዞ መሳፈሪያ ይከፈላል። የመድኃኒቱ ዋጋ፣ የምግቡና አንዳንዴም የማደሪያው ወጪ በዚህ ላይ ይታከላል። ጥልቅ ንክሻ የደረሰበት ሰው ከክትባቱ በተጨማሪ ቁስሉ ላይ የሚወጋ ሌላ ውድ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ንክሻው የደረሰው በማሽላ አረም ወይም በአጨዳ ወቅት ከሆነ ደግሞ የጠፋው የሥራ ቀን ራሱ ሌላ ኪሳራ ነው። ይህን ሁሉ ለማሟላት ፍየል የሚሸጥ፣ ፍየል የሌለውም የሚበደር ሰው ይኖራል። የዚህ ሁሉ መነሻ ግን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ አንድ የውሻ ክትባት አለመሰጠቱ ነው።

ያበደች ውሻ ሰው ብቻ አትነክስም። በሬ፣ ላም፣ አህያና ግመልም ትነክሳለች። የታመመው ከብት ይሞታል፤ ሥጋው አይበላም፣ አይሸጥም፣ ወተቱም አይጠጣም። ሁለት በሬ የነበረው ገበሬ በአንድ ንክሻ ባለ አንድ በሬ ሆኖ መቀናጆ ፍለጋ ይወጣል። ዝናቡ ግን አይጠብቀውም። አንድ የጠገበ በሬ ዛሬ በቆቦ ገበያ የሚያወጣውን ዋጋ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ከማንም የበለጠ ያውቁታል።

ሕጉም ባለቤቱን ይጠይቃል

«ውሻዬ ነክሳ ከሆነ አምልጣኝ ነው» ማለት ነፃ የሚያወጣ የሚመስላቸው አሉ። ሕጉ እንዲህ አይልም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው በድንገት ከቁጥጥሩ ቢያመልጥ እንኳ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ጉዳቱ አስቀድሞ የማይገመት ነበር ማለትም አያድነውም። ይህ ማለት የተነካሹ የሕክምና ወጪ በሕግ ዓይን የውሻዋ ባለቤት ዕዳ ነው ማለት ነው።

በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ውሻዋን ይክዳታል። ማታ ደጁን ስትጠብቅ «የእኔ ናት» የተባለችው፣ በነጋታው ልጅ ስትነክስ «የማን እንደሆነች አላውቅም» ይባልላታል። መዝገብ ስለሌለ ሽማግሌዎች የሚፈርዱበት ማስረጃ ያጣሉ። ነገሩ በሁለት ቤተሰብ መካከል ቂም ሆኖ ይቀራል። የቂም ዋጋ ደግሞ በዚህ አገር ከመድኃኒት ዋጋ እንደሚበልጥ መሪዎቹ ያውቁታል።

ከበጉ ራስ የሚመጣው ኪሳራ

ሌላው ብዙ ያልተነገረለት ኪሳራ በጓሮ እርድ በኩል የሚመጣው ነው። በግ ወይም ፍየል ሲታረድ ጭንቅላቱ፣ እንዲሁም ውኃ የቋጠረው ጉበትና ሳንባ ለሰው ምግብ ስለማይሆን ለውሻ ይጣላል። በውኃ ቋጠሮው ውስጥ ያለው በዓይን የማይለይ ትል በውሻዋ አንጀት ውስጥ ያድጋል። እንቁላሉም ከዓይነ ምድሯ ጋር ወጥቶ በግጦሹ ላይ ይበተናል። በጉ ያንን ሣር ሲበላ ቋጠሮው እንደገና በአካሉ ውስጥ ይፈጠራል። ቋጠሮው አንጎል ውስጥ የተፈጠረ እንደሆነ በጉ በአንድ በኩል እየዞረ፣ አንገቱን እያጣመመ፣ ከመንጋው እየተለየ ቆይቶ ይሞታል። ገበሬው አዙሪት የሚለው ይህ ነው። በጉ አዙሪት ያዘው ሲባል የግጦሹና የውሻዋ ነገር አብሮ አይታሰብም።

የጉበትና የሳንባው ቋጠሮ ደግሞ በሰው ላይም ይደርሳል፤ በተለይ ከውሻ ጋር የሚጫወቱና እጃቸውን ሳይታጠቡ የሚበሉ ሕፃናትን ያጠቃል። ሲያድግም በቀዶ ጥገና የሚወጣ ይሆናል። ይህን ሁሉ ለማስቀረት የሚጠይቀው አንድ ዶማና ጥልቅ ጉድጓድ ነው። የተበከለውን ክፍል ውሻ ቆፍራ እንዳታወጣው አድርጎ መቅበር ወይም ማቃጠል ይበቃል። ውሾቹም በእንስሳት ጤና ባለሙያ ምክር በየጊዜው የትል መድኃኒት ቢወስዱ ዑደቱ ይቆረጣል። ከውሻ ወጪዎች ሁሉ ገንዘብ ሳይወጣበት ሊቀር የሚችለው ኪሳራ ይህ ሆኖ ሳለ እስካሁን በቸልታ ታልፏል።

መግደል ወጪ አይቆጥብም

ብዙዎች መፍትሔው ውሾችን መርዝ አብልቶ መጨረስ ነው ይላሉ። ንክሻ በበዛበት ወቅት ይህ ሐሳብ ቢነሣ አያስገርምም። ነገር ግን ሥራው ገንዘብ ይፈጃል፣ ችግሩን ግን አይፈታም። ውሾች በተጨረሱበት ቦታ ትርፍራፊውና ጥምቡ እስካለ ድረስ ከሌላ መንደር አዳዲስ ውሾች ይገባሉ፤ አንዲት ሴት ውሻም በሁለት ወር እርግዝና ብዙ ቡችሎችን ስለምትወልድ የጎደለው በአጭር ጊዜ ይሞላል። የተከተቡት ከተገደሉ ያልተከተቡት ቦታቸውን ይይዛሉ። በየሜዳው የሚጣለው መርዝም ፍየልና ዶሮን፣ ይባስ ብሎም ሕፃንን ሊጎዳ ይችላል። ውሾቹ በታጡ ማግሥት ደግሞ ጅብ በረት ደጃፍ ላይ ይቆማል።

የሌሎች አገሮች ልምድ የሚያሳየው ክትባት መሆኑን ነው። የላቲን አሜሪካ አገሮች እ.ኤ.አ ከ1983 ጀምሮ በኅብረት ባካሄዱት የውሻ ክትባት ዘመቻ በውሻ አማካይነት የሚመጣውን የሰው ሞት እጅግ ዝቅ አድርገውታል። ሜክሲኮም እ.ኤ.አ በ2019 ከዚህ ሞት ነፃ መሆኗ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋግጦላታል። ሥሌቱም ቀላል ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70ው በየዓመቱ ቢከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይዘጋል። 600 ውሾች ባሉበት ቀበሌ 420 መሆኑ ነው። ይህ ደግሞ በማኅበር ለተደራጀ ሕዝብ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው።

ማኅበሩ ሊያደርገው የሚገባው

ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች የውሻን ጉዳይ እንደ ማንኛውም የልማት ሥራ በአጀንዳ ይዘው ውሳኔ ሊሰጡበት ይገባል። የሚያስፈልገው አዲስ ድርጅት አይደለም። የቀበሌው አመራር፣ በየመንደሩ ያለው ቅሬ፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ ቄሶችና ሼኾች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና የእንስሳት ጤና ባለሙያ አንድ ላይ ቢመክሩ ይበቃል።

አንደኛው ሥራ ምዝገባ ነው። የባለቤቱ ስም፣ የውሻው ቁጥር፣ ፆታና መልክ፣ የተከተበበትም ቀን በመንደር በመንደሩ ይጻፍ። መዝገቡ ሲኖር የሚክድ ባለቤት አይኖርም፤ የሚያስፈልገው የክትባት መጠንም አስቀድሞ ይታወቃል።

ሁለተኛው ዓመታዊ የክትባት ቀን ነው። ለራያ ቆላ ምርት ተሰብስቦ ሰው ፋታ የሚያገኝበት የጥር ወር የተሻለ ነው። ከብት ይዘው ወደ አፋር አዋሳኝ የሚወርዱት እረኞች ውሾቻቸውን ሳያስከትቡ እንዳይሄዱ ቀኑ ከመሄጃቸው በፊት ቢሆን ይመረጣል። ክትባቱ በቅዝቃዜ ውስጥ መጠበቅ ያለበት በመሆኑ በቆቦ ሙቀት ሥራው በማለዳ ተጀምሮ ፀሐይ ሳይበረታ ማለቅ ይገባዋል። ውሻውን ይዞ የሚመጣው ልጅ ሳይሆን የሚያውቀው ጎልማሳ ይሁን፤ በገመድ መያዝን ያልለመደ ውሻም ከቀናት በፊት ይለማመድ።

ሦስተኛው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። የአንዱ ውሻ ጩኸት ሰፈሩን ሁሉ ከጅብና ከሌባ ይጠብቃል። ጥቅሙ የጋራ ከሆነ ወጪውም የጋራ መሆኑ ፍትሐዊ ነው። አቅም ያለው ባለቤት የራሱን ይክፈል። ባሏ የሞተባት፣ ጧሪ የሌላቸው አረጋዊ፣ ከአንድ ውሻ በቀር ጠባቂ የሌለው ድኃ ግን ከቅሬው ወይም ከማኅበሩ ገንዘብ ይከፈልለት። መክፈል ያቃተውን ሰው ውሻ ሳይከተብ መተው ሀብታሙንም አይጠቅመውም፤ በሽታው አጥር እየመረጠ አይገባምና። ከሚቻለው በላይ ውሻ የሚያበዛው፣ ቡችላ በመንገድ ዳር የሚጥለውና በቀን ውሻውን ፈትቶ የሚለቀው ግን በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት መቀጮ ሊከፍል ይገባል።

አራተኛው ንክሻ ሲደርስ የሚደረገው ነው። ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ተነካሹም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጠበልም ሆነ ዱዓ የሚከለክል የለም፤ ነገር ግን በሥርና በቅጠል እየተሞከረ የሚያልፈው ቀን አይመለስም። ውሻዋን በቁጣ ገድሎ መጣልም አይጠቅም። ማንንም ሳትነክስ መታሰር የምትችል ከሆነ ለ10 ቀን ታስራ ትጠበቅ። በእነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆና ከቆየች ሐኪሙ የቀረውን መርፌ ሊያስቆም ይችላል። ተገድላ ከተጣለች ግን ማስረጃው አብሮ ስለሚጠፋ ቤተሰቡ ሙሉውን ሕክምና ለመጨረስ ይገደዳል። ይህን አለማወቅ ብቻውን ለገበሬው ወጪ ይጨምራል። ሕክምናው ግን የውሻዋን ሁኔታ በመጠባበቅ መጀመሩ ሊዘገይ አይገባም።

አምስተኛው አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ጦርነቱ ሰሜን ወሎን ባዳረሰበት በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም የጤና ተቋማትና የእንስሳት ክሊኒኮች መዘረፋቸው ይታወሳል። ስለዚህ የሰውም ሆነ የውሻ ክትባት በቅርብ አለ ብሎ መገመት አይበቃም። መሪዎቹ የትኛው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መድኃኒቱ እንዳለው አስቀድመው አጣርተው ለሕዝቡ ያስታውቁ። የተመዘገበውን የውሻ ቁጥር ይዘውም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ። «ውሾች በዝተዋልና እርዱን» ከሚል አቤቱታ ይልቅ «600 ውሾች አሉን፣ ቢያንስ ለ420ው ክትባት እንፈልጋለን፣ ሕዝቡም የድርሻውን አዋጥቷል» የሚል ማመልከቻ ክብደት አለው። ውሻ የቀበሌም የወረዳም ወሰን ስለማያውቅ አጎራባች ቀበሌዎች በአንድ ሰሞን ቢሠሩ ውጤቱ ይጸናል።

ምናልባት «በድርቅ፣ በአንበጣና በማዳበሪያ ዋጋ መካከል ውሻ ምን ቦታ አላት?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ድርቅን ማኅበሩ ሊከለክለው አይችልም፤ የማዳበሪያንም ዋጋ አይቆርጥም። የእብድ ውሻን በሽታ ግን በራሱ መዝገብ፣ በራሱ ደንብና በአንድ የጥር ማለዳ ሊገታው ይችላል። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በውሻ አማካይነት የሚመጣውን የሰው ሞት እ.ኤ.አ እስከ 2030 ለማስቀረት ግብ አስቀምጠዋል። ይህ ግብ የሚፈጸመው በትልልቅ ከተሞች አዳራሽ ሳይሆን ውሻውን በገመድ ይዞ በሚሰለፈው ገበሬ ነው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል። ንክሻው ከደረሰ በኋላ መዋጮ መሰብሰብ፣ ከብቱ ከሞተ በኋላ ውሻ ማሳደድ፣ ልጁ ከተቀበረ በኋላ ስብሰባ መጥራት ከዚህ አይለይም። ውሻ ለገበሬው ሌሊቱን ነቅታ ትጠብቃለች፤ የእሷን ጥቂት ወጪ በጊዜው መክፈል ደግሞ የባለቤቷና የማኅበሩ ፈንታ ነው። የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በሚቀጥለው ስብሰባቸው ከአጀንዳው ላይ አንድ መስመር ቢጨምሩ፣ የብዙ ቤተሰብ በሬ ከበረቱ ሳይጎድል፣ የብዙ ልጅም ሕይወት ሳይቀጠፍ ይቀራል።